አጠጥተው ወደ ጥላው ዞሩ

(ከመግሪብ ሶላት በኋላ ለመስጂዱ ጀመዓ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላህ። ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



እኔ ዓሊም አይደለሁም፤ ኡስታዝም አይደለሁም። አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁኝ ልብስ ሰፊ ነኝ። ኢማማችን «ያን ያጫወትከኝን ነገር ለጀመዓው ንገር» ብለው ባያዙኝ ኖሮ ዛሬ ፊታችሁ አልቆምም ነበር። ከዲኑ የምጠቅሰውን እሳቸው ዘንድ ቀርቤ አሳርሜዋለሁ። ስሕተት ቢገኝበት ግን የእኔ ነው፤ አላህ ይማረኝ።

ነገሩ የሆነው ከ9 ዓመት በፊት፣ በሐምሌ ወር ነው። መርካቶ ውስጥ በአንድ ጠባብ በረንዳ ላይ ሁለት የስፌት መኪና ዘርግቼ እሠራ ነበር። በዚያ ወር ሁሉ ነገር ጠቦብኛል። አከራዩ ኪራይ ጨምሯል። ክረምት ስለሆነ ሥራው ቀዝቅዟል። ሁለተኛዋ ልጄ ታማብኝ የነበረችኝን ጥሪት ጨርሻለሁ። ከእኔ ጋር ከገጠር የመጣ፣ 16 ዓመት ገደማ የሆነው ለማጅ ልጅ ነበር። ቁልፍ ይተክላል፣ ይተኩሳል፣ ክር ይለቅማል፤ ማታ ማታ እዚያው ያድራል።

አንድ ቀን ከዙህር በኋላ ዶፍ ዝናብ እየወረደ ሳለ አንድ አዛውንት ከአውቶቡስ ተራ በኩል መጥተው በረንዳው ጥግ ተጠለሉ። ጋቢያቸው በስብሷል። አንገታቸው ላይ ማተብ አለ። የያዙት የማዳበሪያ ከረጢት ከታች ተቀዷል፤ ቀዳዳውን በእጃቸው ጨብጠው ነው የመጡት። ውስጡ ራጅና የሐኪም ወረቀት ነው። «ልጄ፣ ይህችን ብትጠቅምልኝ» አሉኝ። ባለቤታቸው ሆስፒታል በር ላይ ተቀምጣ ትጠብቃቸዋለች። ወረቀቱን ካደሩበት ቤት ረስተውት ነው ሊያመጡ የሄዱት።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ልቤ እሺ አላለም። መኪናው ላይ የአንድ ደንበኛዬ ሱሪ ነበር። ባለቤቱም አጠገቤ ተቀምጦ ይጠብቃል። ነጋዴ ነው፤ ለሱቁና ለመጋዘኑ ሠራተኞች ካፖርት የሚያሰፋው እኔ ዘንድ ነው። በዚያ ክረምት የቤቴ ተስፋ እሱ ነበር ማለት ይቻላል። ግን የወረቀቶቹ ጫፍ ሲንጠባጠብ አየሁ። ሱሪውን አንስቼ ከረጢቱን ተቀበልኩ።

ታችኛውን ደርቤ ሁለቴ ሰፋሁት። ከተራፊ ጨርቅ ማንገቻ ቀጠልኩለት። ወረቀቶቹን በፌስታል ጠቅልዬ መለስኩላቸው። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ገንዘብ ሊፈቱ ሲሉ «ይተዉት አባቴ፤ እናታችንን አላህ ይማርልዎ» አልኳቸው። «እግዜር ይስጥህ፤ ልጆችህን ያሳድግልህ» ብለው በዝናቡ ውስጥ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ባለቤታቸው ይዳኑ አይዳኑ አላውቅም።

ደንበኛዬ ግን ተቆጣ። «እኔን አስቀምጠህ ለመንገደኛ ትሰፋለህ?» አለና ሱሪውን ሳያልቅ ይዞ ሄደ። የካፖርቱንም ሥራ ለሌላ ሰፊ ሰጠ።

ማታ ቤት ገብቼ ለባለቤቴ አማረርኩ። «መልካም ሠርቼ እንጀራዬን አጣሁ» አልኳት። እሷም ልጃችንን እያስተኛች፣ ቀና እንኳን ሳትል፣ «ለአላህ ብለህ ከሰጠኸው ደረሰኙን ከማን ትጠይቃለህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ቅሬታዬ ግን አልወጣልኝም። ያን ነጋዴ በመንገድ ባየሁት ቁጥር ስንት ዓመት ሙሉ ያቺ ከረጢት ትታወሰኝ ነበር።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በዚያው ሰሞን ነው እዚሁ መስጂድ ውስጥ የሱረቱል ቀሰስ ደርስ የተሰጠው። ስለ ሙሳ (ዐ.ሰ) ብዙ ጊዜ ሰምቼ ነበር፤ ያን ቀን ግን የሰማሁት በቁስሌ ነው።

ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ መድየን ሲሄዱ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበሩ እናስታውስ። ከግብጽ የወጡት ሸሽተው ነው። ሹማምንቱ ሊገድሏቸው እየመከሩ መሆኑን አንድ ሰው ሮጦ መጥቶ ነግሯቸው፣ ወደ ኋላቸው እያዩ ነው የወጡት። ስንቅ የላቸውም፤ የሚቀበላቸው ዘመድ የለም። በፊርዐውን ቤት ያደጉ ሰው በማያውቁት አገር፣ በማያውቁት ውሃ ዳር፣ ተርበውና ደክመው ደረሱ።

በውሃው ዙሪያ እረኞች ተሰብስበው ከብቶቻቸውን ያጠጣሉ። ራቅ ብለው ሁለት ሴቶች እንስሶቻቸውን ይከለክላሉ። ሙሳም (ዐ.ሰ) ነገራቸው ምን እንደሆነ ጠየቁ። ሴቶቹ እረኞቹ ጨርሰው እስኪሄዱ እንደማያጠጡ፣ አባታቸውም በጣም ያረጁ ሽማግሌ እንደሆኑ ነገሯቸው። ሙሳም (ዐ.ሰ) አጠጡላቸው። ከዚያም ወደ ጥላው ዞር ብለው ፊታቸውን ወደ ጌታቸው አዞሩ፤ ከእርሱ ለሚመጣ ማንኛውም መልካም ነገር ችግረኛ መሆናቸውን ገለጹ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ያን ቀን በዚያ ውሃ ዳር ከሙሳ የባሰ ችግረኛ ማን ነበረ? ሴቶቹ ቤት አላቸው፣ አባት አላቸው፣ እንስሳ አላቸው። እሳቸው ምንም የላቸውም። «እኔ ራሴ ተበድዬ የተሰደድኩ ነኝ፤ የኔን ችግር ማን አየልኝ?» ቢሉ ማን ይፈርድባቸው ነበር? ግን አላሉም። ጉልበት ነበራቸው፤ ያላቸውን ሰጡ።

የተበደለ ሰው ልቡ ሊደርቅ ይችላል። ይህን እኛ እናውቀዋለን። ሰው በደል ሲበዛበት ዓይኑ ከራሱ ቁስል አይነሳም፤ ሌላው ሲቸገር ደግሞ «የራሴን ጉዳይ ልጨርስ» ይላል። ከበዳይ የሚደርስብን ትልቁ ጉዳት ገንዘባችንን ወይም ነፃነታችንን መቀማቱ ብቻ አይምሰላችሁ። ርኅራኄያችንንም አብሮ ከወሰደው ያኔ በእርግጥ ተዘርፈናል። መብትን መጠየቅና ለማያውቁት ሰው መራራት አይጣሉም። ሙሳ (ዐ.ሰ) ኋላ ተመልሰው ፊርዐውንን ፊት ለፊት የተናገሩት እነዚያን እንስሳት ያጠጡት ሰው ሆነው ነው።

ሁለተኛ፣ መጀመሪያ ጠየቁ። ዝም ብለው ገመድ አልነጠቁም፤ የማን ልጆች ናችሁ፣ ከየትኛው ወገን ናችሁ ብለውም አልመረመሩም። ነገራችሁ ምንድን ነው አሉ፤ የተነገራቸውን ሰሙ፤ የተፈለገውን ሠሩ።

ሦስተኛ፣ ሠርተው ሲጨርሱ ዞር አሉ። ምስጋና አልጠበቁም፤ ተርበው ሳለ ቁራሽ እንኳን አልጠየቁም። ችግራቸውን የነገሩት ለአላህ ብቻ ነው። እኔ በረንዳዬ ላይ ያልቻልኩት ይህንን ነው። ከረጢቱን ሰፋሁ፤ ወደ ጥላው ግን አልሄድኩም። እዚያው ውሃው ዳር ቆሜ ዋጋዬን ስጠብቅ፣ ሲቀርብኝ ደግሞ ስቆጥር ኖርኩ።

የሙሳስ ነገር ምን ሆነ? ከሁለቱ አንዷ በሐፍረት እየተራመደች መጣች፤ አባቷ ስላጠጡላቸው ዋጋቸውን ሊሰጧቸው እንደጠሯቸው ነገረቻቸው። ሄደው ታሪካቸውን ሲያጫውቱ ሽማግሌው አይዞህ አሏቸው፤ ከበደለኞቹ ሕዝቦች እጅ መዳናቸውን አበሰሯቸው። ከሙፈሲሮች አንዳንዶቹ እኚህ ሽማግሌ ነቢዩ ሹዐይብ ናቸው ብለዋል፤ ቁርኣን ግን ስማቸውን አልጠቀሰም። ከዚያ ከልጆቹ አንዷ አባቷን ይህን ሰው ቅጠረው አለች፤ ለሥራ ከሚቀጠር ሰው ሁሉ የሚሻለው ጠንካራና ታማኝ የሆነው ነው ብላ መሰከረች። ሽማግሌውም 8 ዓመት እንዲሠሩላቸው፣ 10 ቢሞሉት ደግሞ ከራሳቸው መልካም ፈቃድ እንደሚሆን ተስማምተው ልጃቸውን ዳሩላቸው። ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ከሁለቱ ቀጠሮ የትኛውን እንደፈጸሙ ተጠይቀው ረጅሙን መፈጸማቸውን ተናግረዋል። ያን ጨርሰው ከቤተሰባቸው ጋር ሲጓዙ ነው በጡር ተራራ በኩል እሳት ያዩት፤ አላህም ያናገራቸው።

አስተውሉ። የተደረገው ጥቂት እንስሳትን ውሃ ማጠጣት ነው። የተገኘው መጠለያ፣ ትዳር፣ ሥራ፣ የ10 ዓመት ሰላም ነው። ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ ጥላው ሲዞሩ ይህ ሁሉ እየመጣ መሆኑን አያውቁም ነበር። በሩን የከፈተው ደግሞ ያየችው ሰው ምስክርነት ነው። እሳቸው ለራሳቸው አልመሰከሩም፤ አይታ የመሰከረችላቸው እሷ ናት።

ወደ በረንዳዬ ልመልሳችሁ።

ያ ለማጅ ልጅ ከዚያ በኋላ 3 ዓመት አብሮኝ ሠርቶ በሰላም ተለያየን። ሻሸመኔ ሄዶ የራሱን መኪና ዘረጋ። ባለፈው ዒድ ሰሞን ቤቴ ድረስ ሊዘይረኝ መጣ። ዛሬ ባለ ትዳር ነው፤ ሁለት ለማጆች አሉት። ምሳ በልተን ቡና እየጠጣን ሳለ «ጋሼ፣ አውፍ እንዲሉኝ የምፈልገው ነገር አለ» አለኝ። ምን ሊሆን ነው ብዬ ደነገጥኩ።

እንዲህ ብሎ ነገረኝ። በዚያ ሐምሌ፣ ያ ዝናብ በዘነበበት ቀን ጠዋት፣ ከመሳቢያዬ 300 ብር ወስዶ በጫማው ውስጥ ደብቆ ነበር። ለኪራይ ያጠራቀምኩት ነው። እናቱ ታማለች የሚል መልእክት ደርሶታል፤ እንዳልጠይቀው ችግሬን ያያል፤ ማታ ላይ ሳልነቃበት ወደ አገሩ ሊሄድ አስቧል። «ጋሼ ራሱ ከእኔ ጉልበት ወስዶ የለ? እኔም ከእሱ ብወስድ ምን አለበት?» ብሎ ልቡን አሳምኖ ነበር።

ከዚያ ሽማግሌው መጡ። «እርስዎ ያንን ከረጢት ሲሰፉ እኔ ብሩን ረግጬው ቆሜ ነበር» አለኝ። «ነጋዴው ተቆጥቶ ሲሄድ አየሁ። ፊትዎ ሲጠቁር አየሁ። ግን ሽማግሌውን አልጠሯቸውም፤ ገንዘቡን አምጡ አላሉም። ያን ጊዜ ብሩ እግሬን አቃጠለኝ።» ማታ መብራት ሳጠፋ፣ ብሩን ወደ መሳቢያው መልሶ አስቀመጠው። በማግስቱ ስለ እናቱ ነገረኝ፤ ትዝ ይለኛል፣ የመሳፈሪያ ለምነን ላክነው፤ እናቱ አልሐምዱሊላህ ተሽሏት ተመለሰ። የብሩን ነገር ግን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

እኔ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለ300 ብሩ አይደለም። ስምንት ዓመት ከመንፈቅ «በዚያ ቀን ከሰርኩ» ስል ኖሬያለሁ። ለካ በዚያው ቀን አንድ ልጅ ከእጄ ሊወጣ ሲል ተመልሶልኛል። ዋጋውን በነጋዴው ኪስ ስፈልገው አላህ በልጁ ልብ አስቀምጦት ነበር።

ሌላም ነገር ነገረኝ። ሻሸመኔ በሱቁ ግድግዳ ላይ አንድ ሚስማር አለች። እዚያች ላይ የሚሰቀለው የመንገደኛ ዕቃ ነው፤ የተቀደደ ቦርሳ፣ ዚፑ የተበላሸ ጃኬት፣ የተማሪ ደብተር መያዣ። በቀን አንድ ዕቃ በነፃ ይሰፋል። ለማጆቹንም ከሌላው ሥራ በፊት እሷን ያስጨርሳቸዋል። ያ አዛውንት ይህንን አያውቁም። እኔም አላውቅም ነበር።

ስሙን አልነግራችሁም። ተውበት ያደረገበትን ነገር አላህ ሸፍኖለታል፤ እኔ አልገልጥም። ታሪኩን እንድናገር ግን ፈቅዶልኛል፤ ሌላ ልጅ ይሰማው ይሆናል ብሎ ነው። ስለ ራሴም ስናገር ሪያእ እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። ግን ልብ በሉ፤ እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሰፋሁትን ያህል አጉረምርሜያለሁ። ኢኽላሱን የጠበቀው ለማጁ ነው።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ሁልጊዜ ሰጪዎች አይደለንም፤ ተቀባዮችም ነን። ለእኛ የተደረገልንን እንዳንረሳ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል።

ከጧኢፍ ተደብድበውና ተዋርደው ሲመለሱ ወደ መካ የሚገቡበት ከለላ አልነበራቸውም። የጠየቋቸው ሰዎች እምቢ ሲሉ ሙጥዒም ኢብኑ ዐዲይ ልጆቹን አስታጥቆ ከለላ ሰጣቸው፤ በሰላም ገቡ። ሙጥዒም ሙስሊም አልነበረም፤ እስልምናን ሳይቀበልም ሞተ። ከዓመታት በኋላ በበድር ዘመቻ 70 ያህል ቁረይሾች ተማርከው መዲና ሲገቡ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሙጥዒምን አስታወሱ። በሕይወት ኖሮ ስለ እነዚህ ምርኮኞች ቢያናግራቸው ለእሱ ሲሉ እንደሚለቁለት ተናገሩ። ይህንን የነገረን የሙጥዒም ልጅ ጁበይር ነው፤ በቡኻሪ ተዘግቧል። አስቡት፤ የሞተ ሰው፣ የማይመልስ ሰው፣ በእምነት የማይገናኛቸው ሰው። ውለታው ግን በእሳቸው ዘንድ አልሞተም።

እኛም የነጃሺ አገር ልጆች ነን። የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ወደዚህ ምድር ሲመጡ እንግዶች ነበሩ፤ ቋንቋው የእነሱ አልነበረም፤ ቁረይሾች እጅ መንሻ ይዘው ሊያስመልሷቸው መጥተው ነበር። ንጉሡ አስቀድመው እንግዶቹን ጠየቁ፣ ሰሙ፣ አሳልፈውም አልሰጡም። ነጃሺ ሲሞቱ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ላይ ሆነው ባልደረቦቻቸውን አሰልፈው የጀናዛ ሶላት ሰገዱላቸው። ስለዚህ በዚህች አገር ሙስሊሙ ክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑ ሙስሊሙን በችግሩ ሲደርስለት አዲስ ነገር እየፈጠርን አይደለም፤ የቆየ ብድር እየተመላለስን ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ብዙ አልጠይቃችሁም።

ጁሙዓ ከሶላት ስንወጣ በመስጂዱ በር የሚቀመጡትን ሁላችንም እናያቸዋለን። አንዳንዶቹ ለማኞች አይደሉም። ከገጠር ለሕክምና የመጡ፣ ማደሪያ ያጡ፣ መንገድ የጠፋቸው ናቸው። ሳንቲም ወርውረን ከማለፋችን በፊት ቆም ብለን ነገራቸው ምን እንደሆነ እንጠይቅ። ምናልባት የሚፈልጉት ገንዘብ ሳይሆን ወረቀት የሚያነብላቸው፣ ስልክ የሚያስደውላቸው፣ ካርድ ክፍል የሚያደርሳቸው ሰው ይሆናል።

ሁላችንም እጃችን የሚያውቀው ሥራ አለ። ሰፊው ይስፋ፣ ሹፌሩ ያድርስ፣ የጤና ባለሙያው ይምከር፣ ተማሪው ፎርም ይሙላ። እህቶቼ፣ እናንተ ከሁላችን ቀድማችሁ የምትሠሩት ስለሆነ ለእናንተ ብዙ አልልም፤ አላህ ይቀበላችሁ።

ከሠራን በኋላ ደግሞ ወደ ጥላው እንዙር። በተለይ ወጣቶቻችን፣ ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉት። ችግረኛ ሰው ፊቱን ለፎቶ ሰጥቶ ዳቦ እንዲገዛ አናድርገው። ሊያይ የሚገባው አይቷል። አላህ አይቷል። አጠገባችሁ ያለ ልጅም፣ እናንተ ሳታውቁት፣ በጫማው ውስጥ አንድ ነገር ደብቆ እያያችሁ ይሆናል።

ውጤቱን ካላየነውስ? ብዙውን ጊዜ አናየውም። እኔ ካየሁት ይልቅ ያላየሁት ይበዛል። የእኚያ አዛውንት ባለቤት ይሻላቸው ወይስ ይሙቱ ዛሬም አላውቅም። እንዳውቅ ቃል አልተገባልኝም። የተገባልን ቃል የብናኝ ክብደት ያለው በጎ ሥራ እንኳን እንደማይጠፋ ነው፤ ያ ይበቃናል።

አላህ ሆይ! ለሥራችን ኢኽላስን ስጠን። በደል ልባችንን እንዳያደርቀው ጠብቀን። ለእንግዳ የሚራራ፣ ውለታ የማይረሳ ሕዝብ አድርገን። የታመሙትን አሽር፣ የታሰሩትን ፍታ፣ የተሰደዱትን ወደ ቤታቸው መልስ። የልጆቻችንን ልብ ጠብቅልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።